ፎቶው በየት በኩል ይሂድ? ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ የጉግል ሊንክ ወይስ ፍላሽ

ጥምቀት ባለፈ ማግስት ጎንደር ውስጥ በፎቶ ያልተሞላ ስልክ አይገኝም። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ያው ነው፤ ውጭ ያለች እህት «ቶሎ ላኩልኝ» ትላለች፣ የሰፈሩ ማኅበር ለገጹ ይፈልጋል፣ እናት ደግሞ አንዷን አሳጥበው ሳሎን መስቀል አምሯቸዋል። ብዙ ሰው ሦስቱንም በቴሌግራም ልኮ ይገላገላል። እህትና ማኅበሩ ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ፤ ሳሎን የሚሰቀለው ግን ከፎቶ ቤት ሲወጣ ፊቱ ደብዝዞ ማን ማን እንደሆነ አይለይም።

ጥፋቱ የፎቶ ቤቱም የስልኩም አይደለም። በስልክ ለማየት የተበጀ መንገድ ለማሳጠብ ስለዋለ ነው። ስለዚህ ከመላክዎ በፊት አንድ ነገር ይወስኑ፤ ተቀባዩ ፎቶውን ምን ሊያደርገው ነው? በስልክ ሊያየው፣ ለሕዝብ ሊለጥፈው፣ ሊያሳጥበው ወይስ ለዘለቄታው ሊያስቀምጠው? የመንገዱ ምርጫ ከዚህ መልስ ይከተላል።

በእጅዎ ያለው ፎቶ ስንት ነው?

ጋለሪ ውስጥ ፎቶውን ከፍተው ወደ ላይ ቢያንሸራትቱ፣ ወይም ሦስቱን ነጠብጣቦች ነክተው «ዲቴይልስ» የሚለውን ቢከፍቱ ሁለት ቁጥር ያገኛሉ፤ የፒክሰሉን (ፎቶው የተሠራባቸውን ጥቃቅን ነጥቦች) ልክና የፋይሉን ክብደት። አብዛኛው ስልክ የሚያነሳው 12 ሜጋፒክሰል ነው፤ ይህም 4000 በ 3000 ፒክሰል ማለት ሲሆን ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ስልኩ ሲሸጥ «48» ወይም «50 ሜጋፒክሰል» ተብሎ ቢሆንም በተለመደው ቅንብር የሚያስቀምጠው በአብዛኛው 12 ነው፤ አራቱን ነጥብ አንድ ላይ ደምሮ ስለሚያወጣ። አይዘኑበት፤ 12 ለሁሉም የቤት ሥራ ይበቃል።

ፒክሰል ሲቀንስ ምን እንደሚጠፋ ለማየት ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይግቡና ጣሪያውን ያንሱ (ፍላሽ ሳይጠቀሙ፤ ብርሃኑ ለጥንታዊ ሥዕል አይበጅም)። በረድፍ የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች እያንዳንዳቸው ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ የአንዱ አመለካከት ከአንዱ ይለያል። በፎቶው ስፋት 12 ፊት ተሰልፎ ከገባ፣ በዋናው ፎቶ ላይ ለእያንዳንዱ ፊት 333 ፒክሰል ይደርሰዋል። ያው ፎቶ ፌስቡክ ላይ ወደ 2048 ሲወርድ ድርሻው 171 ይሆናል። ቴሌግራም ላይ ወደ 1280 ሲወርድ 107 ይቀረዋል። በስልክ ስክሪን ላይ ሦስቱም አንድ ይመስላሉ። ጣትዎን ዘርግተው ሲያሳድጉት ግን በሦስተኛው ላይ ዓይኑ ጥቁር ነጥብ ብቻ ሆኖ ያገኙታል።

የወረደው ፒክሰል ደግሞ አይመለስም። ፎቶን «እናጠራለን» የሚሉ አፖች የጠፋውን ዓይን ከራሳቸው ፈጥረው ይሥላሉ፤ ለሰው ፊት ደግሞ ይህ ከመደብዘዙ የባሰ ነው፣ ሌላ ሰው ያደርገዋል።

ቴሌግራም፤ ሁለት መንገድ በአንድ አፕ

አብዛኛው ሰው ያለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። ቴሌግራም ፎቶን በሁለት መልክ ይልካል፤ «ፎቶ» አድርጎ ወይም «ፋይል» አድርጎ።

ፎቶ አድርገው ሲልኩ በተለመደው ቅንብር ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል፤ ክብደቱም ከ100 እስከ 300 ኪሎባይት አካባቢ ይሆናል። 4 ሜጋባይት የነበረው ፎቶ በግምት ሃያ እጥፍ ቀለለ ማለት ነው። ወዲያው ይደርሳል፣ ሳይነካ ይታያል፣ እስከ 10 ድረስ በአንድ መልእክት ተደርድሮ ይገባል። ለማየት ብቻ ከሆነ ሌላ አያስፈልግም። 40 የጥምቀት ፎቶ በዚህ መልክ ሲላክ በግምት 8 ሜጋባይት ዳታ ይበላል፤ በፋይል ቢሆን 160 ይሆን ነበር። ተቀባዩም ለማውረድ ያንኑ ያህል ከኪሱ እንደሚከፍል አይርሱ።

ፋይል አድርገው ሲልኩ ፎቶው እንዳለ ይሄዳል፤ አንድ ፒክሰል አይነካም። በአንድሮይድ የወረቀት መያዣ የምትመስለዋን ምልክት ይንኩ፣ «ፋይል» ይምረጡ፣ ከዚያ «ጋለሪ» የሚለውን ይክፈቱና ፎቶዎቹን ይምረጡ። በአይፎን ፎቶዎቹን ከመረጡ በኋላ በሦስቱ ነጠብጣቦች ውስጥ በፋይል መልክ መላክ የሚለው አለ። በኮምፒውተር ደግሞ ፎቶውን ሲጥሉበት በሚከፈተው ሳጥን ላይ «ኮምፕረስ» የሚለውን ምልክት ያንሱ። የአንዱ ፋይል ጣሪያ 2 ጊጋባይት ስለሆነ ፎቶ በዚህ በኩል አይታገድም።

በፋይል መላክ የራሱ ጣጣ አለው፤ ጀማሪ የሚጨናነቀውም እዚህ ነው።

ተቀባዩ «አልታየኝም» ይላል። ፋይሉ በትንሽ ምስልና በስም ስለሚመጣ መጀመሪያ ነክቶ ማውረድ አለበት። ካወረደም በኋላ ጋለሪው ውስጥ ላይመጣለት ይችላል፤ በመልእክቱ ጎን ያሉትን ነጠብጣቦች ነክቶ ወደ ጋለሪ ወይም ወደ ዳውንሎድስ ያስቀምጠው። ይህን ሳያደርግ ስክሪንሹት ካነሳ ግን ያ ሁሉ ዳታ በከንቱ ወጣ፤ የሚያገኘው የስክሪኑን ልክ ብቻ ነው።

ከአይፎን የተላከው ፋይል ፎቶ ቤት አልከፈት ይላል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ፎቶን በራሱ የተጨመቀ ዓይነት፣ «ሄይክ» በሚባለው ያስቀምጣል። ፎቶ አድርገው ሲልኩ ቴሌግራም ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያውቀው የፎቶ ዓይነት፣ ወደ ጄፔግ ይቀይረዋል፤ ፋይል አድርገው ሲልኩ ግን እንዳለ ይሄዳልና የቆየ ዊንዶውስ አያውቀውም። መፍትሔው ከማንሳትዎ በፊት ነው፤ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብተው «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ ወዲህ የሚያነሷቸው ሁሉ ጄፔግ ይሆናሉ፤ የቀድሞዎቹ ግን እንደነበሩ ይቆያሉ።

ሦስተኛው ነገር ቦታ ነው። ስልኩ የቦታ ምልክት እንዲይዝ ተፈቅዶለት ከሆነ በፋይል የሚሄደው ፎቶ የተነሳበትን ነጥብ ይዞ ይሄዳል። ፎቶ አድርገው ሲልኩ ይህ ይወልቃል። ለእህት የሚላክ ከሆነ አያስጨንቅም። ቤት ውስጥ ያነሱትን የወርቅ ወይም የላፕቶፕ ፎቶ በፋይል ለማያውቁት ገዢ መላክ ግን የበርዎን ቁጥር እንደመስጠት ነው። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ «ሎኬሽን ታግ» የሚለውን ያጥፉት።

ከሌላ ሰው የመጣውን ፎቶ ሲያስተላልፉ «ፎርዋርድ» ያድርጉ እንጂ አስቀምጠው እንደገና አይላኩ። ፎርዋርድ የተደረገው ያው ፋይል ነው። አስቀምጠው እንደገና በፎቶ መልክ ሲልኩት ዳግመኛ ይጨመቃል፤ አራት አምስት እጅ ያለፈ የሠርግ ፎቶ በጥላው ውስጥ ካሬ ካሬ ነገር የሚታይበት ለዚህ ነው።

ቻናል ላላቸው ማኅበራትና ሱቆች ምክራችን ይህ ነው፤ በቻናሉ ላይ ከ4 እስከ 6 ጥሩ ጥሩዎቹን ፎቶ አድርገው ይለጥፉ፣ ዋናዎቹን ደግሞ በኮሜንቱ ውስጥ በፋይል ያስቀምጡ። ቻናሉን በፋይል መሙላት ተመልካች ያባርራል፤ ማንም ሰው በትንሽ ምስል ላይ አንድ በአንድ እየነካ አያወርድም።

ዋትስአፕ

ውጭ ያሉ ዘመዶች ብዙዎቹ እዚህ ናቸው። ባሕርይው ከቴሌግራም ብዙ አይለይም፤ በተለመደው መንገድ ያሳንሳል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ፎቶ ሲመርጡ ከላይ «ኤችዲ» የምትል ምልክት አለች፤ ብትነኳት ፒክሰሉ ይጨምራል፣ መጨመቁ ግን አይቀርም። ሙሉ ለሙሉ ሳይነካ እንዲሄድ «ዶክዩመንት» ብለው ይላኩ፤ ጣሪያው እዚህም 2 ጊጋባይት ነው። ሁልጊዜ ኤችዲ እንዲሆን ከፈለጉ ሴቲንግስ ውስጥ ስለ ማከማቻና ዳታ በሚለው ክፍል የሚጫነውን ሚዲያ ጥራት ይቀይሩ። ዳታዎ ውስን ከሆነ አይቀይሩት።

ፌስቡክና ኢንስታግራም፤ ለሕዝብ የሚለጠፍ

ለሕዝብ የሚወጣ ከሆነ ጥያቄው ፎቶው እንዳለ መድረሱ ሳይሆን አገልግሎቱ እንዴት እንደሚቆርጠውና እንደሚያሳንሰው ነው። ፌስቡክ የሚቀበለው ትልቁ የተለመደ ልክ 2048 ፒክሰል ነው። 4000 ይዘው ቢሄዱ ራሱ ያሳንሰዋል፤ ሲያሳንስ ግን ለፍጥነት እንጂ ለውበት አይጨነቅም። ፎቶውን በስልክዎ ማስተካከያ ራስዎ ወደ 2048 አውርደው በጄፔግ ቢሰቅሉት የፋሲል ግንብ ድንጋይ መስመር የተሻለ ይወጣል።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው በፎቶ ላይ ጽሑፍ ሲኖር ነው፤ የማኅበር ጥሪ፣ የሱቅ ዋጋ ዝርዝር፣ የሐዘን ማስታወቂያ። የፊደላችን ልዩነት በትንሽ ቅጥያ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሉ እና ሊን የሚለየው የእግሯ ቅጥያ የምትቀጠልበት ቦታ ብቻ ነው። መጨመቅ መጀመሪያ የሚያበላሸው እንዲህ ያለውን ቀጭን ጠርዝ ነው። ጽሑፍ ያለበትን ነገር ከመጀመሪያው በ2048 ስፋት ይሥሩት፣ ፊደሉን ወፈር ያድርጉ፣ በቀይ ጀርባ ላይ ቀይ ነክ ጽሑፍ አይጻፉ (ጄፔግ ቀለምን ከብርሃን ይልቅ አብዝቶ ስለሚያሳንስ የቀይ ጠርዝ ቶሎ ይፈሳል)፣ ቢቻል በፒኤንጂ (ጠርዝ በማያበላሸው የፎቶ ዓይነት) ያስቀምጡት። ስልክ ቁጥርና ቀን ደግሞ በፎቶው ላይ ቢኖርም ከፎቶው በላይ በጽሑፍ ይድገሙት፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ቦታ ፎቶው ሳይከፈት ጽሑፉ ይነበባል።

ከመለጠፍዎ በፊት በስምዎ ሥር ያለችውን ትንሽ ምልክት ይመልከቱ። የምድር ሉል ከሆነች ለማንም ይታያል፤ ሁለት ሰው ከሆነች ለጓደኞችዎ ብቻ ነው። ማኅበሩ «ሼር አድርጉልን» ብሎ የማይሼርበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህች ምልክት ናት።

ኢንስታግራም በስፋት 1080 ፒክሰል ላይ ይቆማል። ከላይ እስከ ታች የቆመ ፎቶ እዚያ ያሸንፋል፤ ስክሪኑን ይሞላል። የፋሲል ግንብን በጎን አንስተው ከሰቀሉት በስክሪኑ መሐል ቀጭን ቁራጭ ሆኖ ይቀራል፤ ስልኩን አቁመው ከማማው እስከ ደረጃው ያንሱት። ቀድሞ 4 ለ 5 ነበር የሚፈቅደው፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ የስልኩን 3 ለ 4 ሳይቆርጥ ይቀበላል። በአንድ ልጥፍ እስከ 20 ፎቶ ይገባል፣ ግን 20 የሚያይልዎ ዘመድ ብቻ ነው፤ ከ7 አይለፉ።

የእንግዳ ማረፊያ ወይም የአስጎብኚ ሥራ ላላቸው ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ፌስቡክ ለአገር ሰው፣ ኢንስታግራም ለውጭ እንግዳ። ቲክቶክ ለቪዲዮ ይሁን፤ ፎቶ እዚያ በስባሽ ነው።

ፌስቡክን እንደ ፎቶ ማስቀመጫ የሚያዩት ሰዎች አሉ። ስልክ ሲጠፋ «ፌስቡክ ላይ አለ» ይላሉ። ያለው የተጨመቀው ቅጂ ነው፤ ለማየት እንጂ ለማሳጠብ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

የጉግል ፎቶስ ሊንክ፤ ለብዙ ፎቶ

የሠርግ 600 ፎቶ በቴሌግራም ፋይል መላክ ለላኪም ለተቀባይም ስቃይ ነው። እዚህ ጋ ነው ሊንክ የሚያስፈልገው፤ ፎቶዎቹን አንድ ጊዜ ይሰቅላሉ፣ አልበም ያደርጓቸዋል፣ አንድ መስመር ሊንክ ይልካሉ፣ እያንዳንዱ ዘመድ የፈለገውን ብቻ ያወርዳል። ዳታው በተቀባዩ ምርጫ ይወጣል።

ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ ከጂሜይልና ከጉግል ድራይቭ ጋር የጋራ። በ4 ሜጋባይት ቢሰላ 3,800 ያህል ፎቶ ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2021 በፊት ያለ ገደብ ይጫን ነበር፤ ያ ቀርቷል። ቦታው ሲሞላ ፎቶ መጫኑ ብቻ አይደለም የሚቆመው፤ ኢሜይልም መግባት ሊያቆም ይችላል። የሥራ ማመልከቻ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቀድሞ ይወቅ።

ሲጀመር ጥራቱን ያስመርጣል። «ኦሪጅናል» እንዳለ ያስቀምጣል። «ስቶሬጅ ሴቨር» ከ16 ሜጋፒክሰል በላይ ያለውን ያሳንሳል፣ ሌላውንም ጥቂት ይጨምቃል። ለ12 ሜጋፒክሰል የስልክ ፎቶ ሁለተኛው ይበቃል፤ ቢያሳጥቡትም ልዩነቱን በዓይን አያገኙትም። በካሜራ ለሚያነሳ ባለሙያ ግን ኦሪጅናል ይሁን።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው የወደቀበት ነው። ፎቶው ከተጫነ በኋላ «ስልኬ ሞላ» ብለው ከጉግል ፎቶስ ውስጥ ቢሰርዙት፣ ከስልኩም ከደመናውም (ከጉግል ማከማቻው) አብሮ ይጠፋል። ስልኩን ብቻ ማቅለል ከፈለጉ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ይጠቀሙ። በስሕተት የተሰረዘው በቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ አይገኝም።

የጉግል ድራይቭ ሊንክ የሚልኩ ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ተቀባዩ ሲከፍተው «ፈቃድ ይጠይቁ» ይለዋል። ድራይቭ ሲጀመር የተዘጋ ነው፤ ሊንኩን ከመቅዳትዎ በፊት «ሊንኩ ያለው ሁሉ» ወደሚለው ይቀይሩት። ይህን ካደረጉ በኋላ ግን ሊንኩ የደረሰው ሁሉ ያያል፤ የቤተሰብ ምስጢር የሆነ ነገር ካለ በዚህ አይሂድ።

በኢሜይል መላክ ዛሬ የሚጠቅመው ለቢሮ ነው። ጂሜይል 25 ሜጋባይት ላይ ይቆማል፤ አምስት ፎቶ ያህል ነው። ፎርም ላይ የሚሞላ ፎቶ ግን ተቃራኒውን ይጠይቃል፤ ትንሽ መሆን አለበት። ለምሳሌ ዲቪ ሲሞላ የሚጠየቀው ካሬ ፎቶ ከ600 በ 600 ፒክሰል ጀምሮ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ ቤቱ በፋይል እንዲልክልዎ ይጠይቁ፤ በቴሌግራም ፎቶ መልክ ከመጣ ክብደቱ ቢፈቀድም ፊቱ ዳግመኛ ተጨምቋል።

ኔት ሲጠፋ ወይም ሲጨናነቅ

ጥር 11 ጠዋት ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ በአንድ አንቴና ላይ ስንት ሺህ ስልክ እንደሚንጠለጠል ያስቡ። በዚያ ሰዓት በፋይል መላክ አይሞከር፤ ግማሹ ይሄድና ይቆማል፣ ስልኩም ደጋግሞ እየሞከረ ባትሪውን ይጨርሳል። ሁለት ሦስት ፎቶ በፎቶ መልክ ይላኩ፣ ሌላውን ማታ ቤት ገብተው፣ ወይም የሌሊት ጥቅል ገዝተው ይጨርሱ።

አጠገብ ላጠገብ ላለ ሰው ኢንተርኔት ጭራሽ አያስፈልግም። አንድሮይድ ከአንድሮይድ ጋር «ክዊክ ሼር»፣ አይፎን ከአይፎን ጋር «ኤርድሮፕ» አለ። ሁለቱም በብሉቱዝ ይፈላለጋሉ፣ ፎቶውን ግን በዋይፋይ በቀጥታ ያሻግራሉ፤ 4 ሜጋባይት በሰከንዶች ያልቃል፣ ጥራቱም አይነካም። አንዱ አይፎን ሌላው አንድሮይድ ከሆነ ዜንደር የሚባለው አፕ የተለመደ ነው። ስልኮቹ ካልተያዩ በቅድሚያ ሦስት ነገር ይፈትሹ፤ ብሉቱዝ፣ ዋይፋይና ሎኬሽን ክፍት መሆናቸውን፣ ሆትስፖት መዘጋቱን፣ ቪፒኤን መጥፋቱን። በብሉቱዝ ብቻ መላክም ይቻላል፤ ግን አንዱ ፎቶ ከ20 እስከ 40 ሰከንድ ስለሚወስድ 100 ፎቶ ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ለብዛትና ለዋስትና ፍላሽና ኬብል እስካሁን አልተሸነፉም። ስልኩን በኬብል ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ቻርጅ ብቻ ካደረገ፣ ከላይ ያለውን ማሳወቂያ ጎትተው «ፋይል ትራንስፈር» ይምረጡ። ፎቶዎቹ «ዲሲአይኤም» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ናቸው። ሲያወጡ «ኮፒ» ያድርጉ እንጂ «ከት» አያድርጉ። መብራት በመሐል ቢጠፋ ኮፒ ያደረገ ሰው የሚያጣው ጊዜውን ነው፤ ከት ያደረገ ፎቶውንም ሊያጣ ይችላል።

ፍላሽዎ ከሕዝብ ኮምፒውተር ሲወጣ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኟቸው አይደንግጡ፣ አይንኳቸውም። ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ሾርትከቱን ከነኩ ግን ቫይረሱን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያስነሱታል። የተደበቀ ፋይል አሳይ የሚለውን አብርተው ዋናዎቹን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት።

ፎቶ ቤት ሲሄዱ

ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች ብዙዎቹ «በቴሌግራም ላኩልን» ይላሉ። ይላኩ፣ በፋይል ግን። የራስዎን ቴሌግራም በሱቁ ኮምፒውተር ላይ አይክፈቱ፤ ከከፈቱም ሲወጡ በስልክዎ ሴቲንግስ፣ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብተው ያንን ኮምፒውተር ይዝጉት።

ለሕትመት ጥሩ የሚባለው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። በዚህ ሲሰላ 10 በ 15 ሴንቲሜትር 1181 በ 1772 ፒክሰል፣ 20 በ 30 ደግሞ 2362 በ 3543 ፒክሰል ይፈልጋል። በቴሌግራም ተጨምቆ 1280 የቀረው ፎቶ በ10 በ 15 ላይ በኢንች 217 ነጥብ ያገኛል፤ ለአልበም ያልፋል። በ20 በ 30 ላይ 108 ብቻ ያገኛል፤ ደብዝዞ የሚወጣው ይህ ነው። ዋናው 4000 ፒክሰል ፎቶ በ30 በ 45 እንኳ 226 ይሰጣል፤ ግድግዳ ላይ ከሩቅ ለሚታይ ከበቂ በላይ ነው። በእጅዎ ያለው የተጨመቀው ቅጂ ብቻ ከሆነ ትልቅ ከማሳጠብ አነስ አድርገው በሰፊ ፍሬም ውስጥ ያስገቡት።

ሌላው የቅርጽ ጉዳይ ነው። ስልክ የሚያነሳው 4 ለ 3 ነው፣ 10 በ 15 ወረቀት ግን 3 ለ 2 ነው። ወረቀቱን ለመሙላት ከፎቶው ቁመት አንድ ዘጠነኛው ይቆረጣል። በጎን ተነስቶ ከላይ እስከ ታች ሰው በሞላበት የቤተሰብ ፎቶ ላይ ያ አንድ ዘጠነኛ ከኋላ የቆሙት ጎረምሶች ፀጉርና ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት እግር ነው። «ጠርዙ ይቆረጥ ወይስ ነጭ ይተው?» ብለው ቀድመው ይነጋገሩ። ወደፊት ለማሳጠብ ሲያነሱ ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉና ከላይም ከታችም ክፍት ቦታ ይተዉ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ፎቶውን በሱቁ ስክሪን ላይ መቶ ፐርሰንት አሳድገው ዓይኑን ይዩ። የዓይን ሽፋሽፍት ከተለየ ይታተም። ካልተለየ ዋናውን ፈልገው ይመለሱ።

የሰው ፊት ያለበት ፎቶ

መንገዱን ከመረጡ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ መለጠፍ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ ለሽያጭ ማቅረብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለሕዝብ በዓላትና ለሕዝብ ጥቅም ላላቸው ጉዳዮች በር ይከፍታል። ስለዚህ በጥምቀት ታቦት ሲወጣ የተነሳ የምእመናን ብዛት አንድ ነገር ነው፤ ጠበል ከተረጨ በኋላ ልብሷ ከገላዋ ላይ የተጣበቀባት አንዲት ልጅ ተለይታ የተነሳችበት ፎቶ ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ፎቶ፣ ሕግም ባይኖር አይለጠፍም።

ፎቶ ቤቶችና የሙሽራ ልብስ አከራዮች የደንበኛን ፎቶ ለማስታወቂያ ሲለጥፉ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ፤ በደረሰኙ ጀርባ አንድ መስመርና ፊርማ ይበቃል፣ የት እንደሚለጠፍም ይጠቀስበት። ቤተሰብ «የለጠፋችሁትን አጥፉልን» ካለ ደግሞ መንገዶቹ እዚህም ይለያያሉ። ከቴሌግራም ቻናል ሲሰርዙት ፎርዋርድ የተደረገው አይሰረዝም። ከፌስቡክ ሲሰርዙት ሼር የተደረገው አብሮ ይጠፋል፣ አውርዶ እንደገና የሰቀለው ሰው ቅጂ ግን ይቀራል። የጉግል አልበም ሊንክ ሲዘጋ ሊንኩ የትም ቢዞር አይከፈትም፤ ያወረደው ሰው ቅጂ ግን በእጁ ነው። የሚያጠራጥርዎ ፎቶ ካለ፣ መጀመሪያውኑ በሊንክ ለጥቂት ሰው ይሂድ።